ግድቡ ሥር የተቀበረችው ላስቲክ

መሣሪያዬን ሰው ሲነካብኝ አልወድም። ሰመራ አስተምራለሁ፤ ይቺን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ነው የሠራኋት። ከፀጉር የቀጠነች ላስቲክ ከብረት በላይ ትንሽ ከፍ ብላ ትቀመጣለች። ግድቡ ውሃ ማስረግ ከጀመረ አንዲት ጠብታ በመካከላቸው ትገባና ላስቲኳን ስባ ከብረቱ ጋር ታጣብቃታለች። ያኔ ላስቲኳ ካለችበት ሳጥን ጋር የተያያዘው ደወል ይጮኻል። ጠብታዋ ስትደርቅ ላስቲኳ ተመልሳ ቀና ትላለች።

ግድቡ አዋሽን ከአንድ የጥጥ እርሻ የሚከልል የአፈር ክምር ነው። ከሥሩ ጥጥ ሊኮተኩቱ ከወሎ የመጡ ሁለት መቶ ሰዎች ሰፍረዋል። ከተናደ እነሱ ላይ ነው የሚናደው፤ ደወሉንም የተከልኩት ለእነሱ ነው።

ነሐሴ ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስቱንም ጊዜ ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ምንም የለም። ምግብ የምታበስልላቸው ካሰች ልጇን አዝላ ስትሮጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ነገሩን ስሰማ በንዴት ጦፌ፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ከባድ መኪና ለምኜ መጣሁ።

ቆፍሬ ሳወጣት ሳጥኗ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልላለች። ዘበኛው ጋሽ ይታያል የመጠጥ ውሃ ጀሪካናቸውን የሚያቀዘቅዙት እንደዚያ ነው። ሙቀቱ ሲያቃጥላት አሳዘነችኝ አሉ። ለካ ሦስቱንም ጊዜ ያስጮኻት የጆንያው እርጥበት ነው። ጆንያውን ገፍፌ ጣልኩ፣ ላስቲኳን አደረቅኩ፣ ለሙከራ እንድትመቸኝ አፈር ሳላለብሳት ጉድጓዷ ውስጥ መለስኳት።

ከዚያ ሰዉን ሰብስቤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ግድቡ ደህና ነው አልኩ። ዛሬ ስለምሞክራት ደጋግማ ትጮኻለች፣ ማንም ከምሳው እንዳይነሳ አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ሁለት ጊዜ ጠብታ አድርጌ ሞከርኳት፤ ጮኸች፣ ዝም አለች። ሰዉ ሳቀ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጮኽ ግን እኔ አልነካኋትም። ላስቲኳ ከብረቱ ጋር ተጣብቃለች፤ ባደርቃትም መልሳ ትጣበቃለች። ሰማዩ ላይ ዳመና የለም። ግን አዋሽ እዚህ የሚሞላው ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው። ግድቡ የእውነት እያስረገ ነው።

ወደ ካምፑ እየሮጥኩ ተነሱ አልኳቸው፣ ለመንኳቸው፣ ማልኩላቸው። አንዱ አጨበጨበልኝ። ካሰች ልጇን አዝላ ድስቷን በደህናው እጇ ታማስላለች።

«መምህር፣ ደግሜ አልወድቅልዎትም» አለችኝ።

እሷን ያየ ሁሉ ተቀመጠ። ውሃው መጥቶ ምድጃዋን ሲያጠፋው ቀና ብላ አየችኝ።