የሂሊየም ዶቃዎች በአቦቦ ወፍጮ ቤት

የጋምቤላ ክልል ከተቋቋመ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። የጋምቤላዋ ልጅ ኛዳክ አዲስ አበባ በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር፣ ለክረምት ወደ አገሯ መጣች። ከትምህርት ክፍሉ የተዋሰችውን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልላ አውቶቡስ ላይ ታቅፋው ነበር።

የመመረቂያ ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ጥቂት የሂሊየም አቶሞች እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ የካርቦን ገጽ ላይ ቢያርፉ ተያይዘው ይቆያሉ ወይስ ይበተናሉ? አማካሪዋ «ይበተናሉ» ባይ ናቸው። እሷ «ይያያዛሉ» አለች። ስሌቱን የሚሠራው ኮምፒውተር ግን ቀኑን ሙሉ መብራት ይፈልጋል፤ የጋምቤላ ከተማ መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል።

ስለዚህ ቀድሞ ታስተምርበት ወደነበረው አቦቦ ሄደች። የተማሪዎቿ አባት ጋሽ ሷሊህ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ባለወፍጮ፣ ከሞተራቸው ጋር ያያያዙት ዲናሞ አላቸው።

«መምህርት፣ ላንቺ የምከለክለው መብራት የለም» አሏት። «ግን ምን እንደሆነ ለሴቶቹ አስረጂ። ወረፋ ያሰለቻቸዋል።»

የዱቄቱ ብናኝ እንዳይገባበት ኮምፒውተሩን በአጎበር ሸፍና አስነሳችው። በቆሎ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ከበቧት። ስክሪኑ ላይ ከነጥብ የተሠሩ ቀለበቶች ይንቀጠቀጣሉ።

«ይሄማ ዶቃ ነው!» አሉ እማማ ቦጋለች፣ የሰፈሩ ገበሬ።

«ተመራማሪዎቹም ዶቃ ነው የሚሉት። አንዱ ቀለበት እጅግ ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ያረፈ አንድ የሂሊየም አቶም ነው። አቶሙ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሮ ስለማይቀመጥ፣ ሊገኝ የሚችልበትን ሁሉ በዶቃ እናሳያለን።»

«ብርድ ላይ ናቸው አላልሽም? ታዲያ ምን ያስጨፍራቸዋል?»

«የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ሂሊየም አርፎ አይቀመጥም።»

«እባክሽ እኛንም እዚያ ብርድ ውስጥ ክተቺን!» እማማ ቦጋለች ላባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

በዚህ መሃል ኩንታል በቆሎ ወፍጮው ውስጥ ሲገለበጥ ሞተሩ አቃሰተ፤ መብራቱ ፈዘዘ፤ ስክሪኑ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ የተሰላው ሁሉ ሄደ። ኛዳክ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

እማማ ቦጋለች ወደ ባለወፍጮው ዞሩ። «ነገ ዓርብ ነው፣ አይፈጩም። ሞተሩ ለዚህች ልጅ ብቻ ይዙር።»

«እኔ መስጊድ ስሄድ ማን ይጠብቀዋል?»

«እኛ!» አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ።

ዓርብ ዕለት ሞተሩ ሸክም ስለሌለበት ለስላሳ ዞረ። ኛዳክ የደረሰችበትን እየቆየች እንዳይጠፋባት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ትገለብጣለች። ከሰዓት በኋላ ቀለበቶቹ ተጠጋግተው፣ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ሳይራራቁ ቀሩ። ቁጥሩን አየችና ብድግ አለች።

«ጉልበታቸው ተለያይተው ከሚኖራቸው በታች ወርዷል! የሚበትናቸው ጉልበት ከውጭ ካልመጣ በቀር አይለያዩም!»

እልልታው ከሞተሩ ድምፅ በለጠ። ጋሽ ሷሊህ ከመስጊድ ሲመለሱ የደረሰውን ባያውቁም አብረው አጨበጨቡ።

ሰኞ ከጋምቤላ ቴሌ አማካሪዋ ጋ ደወለች። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ትጮኻለች፤ «አልተለያዩም! አብረው ናቸው!»

አማካሪዋ ቁጥሩን ደግማ እንድትነግራቸው ጠየቋት። ከዚያ ሳቁ። «ተረታሁ። በይ አሁን አቶሞቹን ጨምረሽ ድገሚው።»

ስልኩን ስትዘጋ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በደስታ ጨበጧት። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ያስታረቋቸው ማን ናቸው?»

ኛዳክ ሳቋን መግታት አቃታት። «ጋሽ ሷሊህ ናቸው፤ የአቦቦው» አለችና ወደ መኪና ተራው ሮጠች።