ከጎሉ ጀርባ ያረፉት

ክለባችን ብሬክስሊ ታውን በመቶ ሠላሳ ዓመቱ ያነሳት ዋንጫ አንዲት ናት፤ እሷንም ሌባ ወሰዳት። ወደ ታችኛው ሊግ መውረዱንማ ለምደነዋል። ሠላሳ አራት ዓመት የሜዳውን ሣር የተንከባከብኩት እኔ ነኝ፤ የሞቱ ደጋፊዎቻችንን ያሳረፍኳቸውም እኔው። ቤተሰብ የሟቹን አስከሬን አስቃጥሎ አመዱን በጣሳ ይዞ ይመጣል። ከሰሜኑ ጎል ጀርባ ሣሩን በአካፋ እገልጥና አመዱን ቀብሬ እከድናለሁ፤ ከጎሉ ቋሚ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ከነስሙ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስልሳ ሁለት ነፍስ ናቸው። ሚስቴ ዊኒፍሬድም እዚያው ናት።

አምና ሩፐርት ሃልዴን የሚባል ሰው ከለንደን መጥቶ ሊቀመንበር ሆነ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ጨዋታ ሲያይ አይሳደብም። እንዲህ ያለ ሰው ይታመናል? ጭራሽ የመሬቱ ባለቤት ሜዳውን ለቤት ሠሪዎች ሊሸጠው ነው የሚል ወሬ በተናፈሰ ሰሞን፣ ሁለቱ አንድ መኪና ውስጥ ሲያወሩ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው።

በማግስቱ ሩፐርት መጣ።

"ጋሽ ክሊፎርድ፣ ያቺን ደብተር ለሁለት ቀን ቢያውሱኝ?"

"ለምንህ?"

"የክለቡን ታሪክ ላሰባስብ ብዬ ነው።"

ታሪክ! ነቃሁብህ አልኩ በሆዴ። ማስረጃዋን አጥፍቶ ሙታኑ ላይ ቤት ሊያስገነባ ነው።

"ጠፍታለች።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ውሸታም ነህ እያልከኝ ነው?"

ሻይ የምታፈላልን ሜቪስ "ኧረ ስጠው! ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?" አለችኝ።

"አንቺንም በኬክ ገዝቶሻል" አልኳትና ወጣሁ። ደብተሯን ከድንጋይ ጋር አስሬ ወንዝ ውስጥ ወረወርኳት። እሰይ፣ ደግ አደረግኩ ብዬ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጉዳዩ ማዘጋጃ ቤት ቀረበ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰብሳቢዋ "ሰዎች ያረፉበት መሆኑን የሚያሳይ የቆየ ጽሑፍ ካላችሁ ግንባታውን እንከለክላለን" አለች።

ሩፐርት ወደ እኔ ዞረ። "ጋሽ ክሊፎርድ፣ ደብተሯ አልተገኘችም? መኪና ውስጥ ያዩን ዕለት የመሬቱን ባለቤት እንዳይሸጥ እየለመንኩት ነበር፤ እምቢ አለኝ። ስለ ደብተሯ ሰምቶ እንዳይቀድመን ብዬ ነው እውነቱን የደበቅኩዎት።"

"ወንዝ ውስጥ ጣልኳት" አልኩ።

ቢሰድበኝ በወደድኩ። እስክሪብቶ አወጣና "የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ" አለኝ።

"ዊኒፍሬድ፣ ከግራው ቋሚ አራት እርምጃ። ሽማግሌው ባርናቢ፣ ስድስት።" ከዚያ ወዲያ ያለው ተምታታብኝ።

ሜቪስ ከኋላ ብድግ አለች። "የኔስ ጃስፐር? ባሌስ ስንተኛው እርምጃ ላይ ነው?"

አላስታወስኩም።