ጭላዳ ቆጣሪው ካሜራ ይዞ የመጣ ዕለት

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ጽዮን ዕለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወለተ ሚካኤል ከጎታው ሥር የቀረውን የዘር ገብስ ቆልታ ለእንግዳዋ አቀረበች።

እንግዳው ቀለመ ወርቅ ነው። አራት ዓመት ጉና ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲቆጥር ያደረው እዚሁ እሷ ቤት ነበር። ዘንድሮ ግን የአራዊቱን ጥናት ትቶ የጋዜጣና የፊልም ሰው ሆኗል። በዋዜማው እሱ በአንዷ በቅሎ፣ ካሜራው በሌላዋ ሆነው ከንፋስ መውጫ መጡ።

«ጭላዳው አለቀብህ እንዴ?» አለው ጎረቤቷ ሞላ፣ ደጅ ተቀምጦ። «አሁን ደግሞ እኛን ልትቆጥር ነው?»

«ረሃባችሁን አገር እንዲያየው ነው፣ አያ ሞላ።»

ወለተ ሚካኤል የፈለገችው አንድ ነገር ነው። ልጇ ብርቄ ታማ ከተኛች ስምንት ቀኗ ነበር።

«ልጄ፣ አንዷን በቅሎ ስጠኝና ብርቄን ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ላድርሳት።»

«እሺ፣ እማማ። ፊልሙን ላንሳና ወዲያው ትሄዳላችሁ።»

ተጎሳቁሎ ሰው ፊት መቅረብ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። እናት ልጇን አጥባ፣ ጠጉሯን አበጥራ፣ ለጥምቀት የተቀመጠውን ጥልፍ ቀሚስ አለበሰቻት፤ ጋቢም ደረበችላት።

ቀለመ ወርቅ በካሜራው አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ረሃብ አይመስልም። አሮጌውን ያልብሷት። ጋቢውም ይቅር፤ ደጅ፣ ግድግዳው ሥር ትቀመጥ።»

«ውርጩ አልለቀቀም እኮ።»

«ፀሐይ እስክትወጣ ነው። ጭላዳዎቹን ስጠብቅ አላዩኝም? ሳልቀርብ፣ ሳልነካ ነው። እርስዎም አይጠጓት፤ ፊቷ ይለወጥብኛል።»

ጥልፉን ቀሚስ በገዛ እጇ አወለቀችላት። በቅሎዪቱ ኮርቻዋ ተጭኖ አጠገባቸው ቆማለች፤ እናትም ዓይኗን ከኮርቻው አላነሣችም። ደመናው ከጉና አልነሣ አለ። ሦስት ጊዜ ጋቢውን ይዛ ብድግ አለች፤ ሦስት ጊዜም በእጁ ምልክት መልሶ አስቀመጣት።

አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በስሱ ብቅ አለች።

«ጎሽ፣ ብርቄ፣» አለ ካሜራው ላይ እንደተደፋ። «እንደዚሁ። አትነቃነቂ።»

ነገሩ ቀድሞ የገባው ሞላ ነው። ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አይዞህ» አለው። «ከእንግዲህ አትነቃነቅብህም።»

ካሜራው ውስጥ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ይሽከረከር ነበር።

ብርቄ ከሰዓት በኋላ ተቀበረች፤ ጥልፉን ቀሚስ መልሰው አልብሰዋት ነበር። ፊልሙ በመጋቢት አዲስ አበባ ታየ። ብርቄ ያለችበት ክፍል ብርሃን አንሶታል ተብሎ ተቆርጦ ወጥቷል።