ሰባቱ ይጥፋ ወይ?

ከሚላ ኮምፒውተሯን ማደስ አልፈለገችም። እውነቱን ለመናገር ምንም ነገር ማደስ አልፈለገችም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወገቧን ያማታል፣ የነገሌ አቧራ ማተሚያው ሆድ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ሳቢር ደግሞ አልተዋትም። ሳቢር በወር አንዴ ከሻኪሶ እየመጣ የከተማውን ኮምፒውተሮች የሚጠግን ጎልማሳ ነው፤ የሷ ጽሕፈት ቤት በገባ ቁጥር የሚያነሳው ያንኑ ነው።

«አዴ ከሚላ፣ ይኼ ዊንዶውስ ሰባት አብቅቶለታል። አስሩን ልጫንልዎት» አላት ዛሬም ጠዋት።

«አንተ ደግሞ ሥራ ፈተሃል» አለችው።

ግን ልክ ነበር። የወረዳውን ደብዳቤ ወጣቶቹ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ይጽፉታል፤ አዲስ አበባ የሚሄደው የአማርኛ ማመልከቻ ነው የሷ እንጀራ። የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ አሁን አሁን በኢንተርኔት ቅጽ ካልተሞላ አንቀበልም ማለት ጀምረዋል። ቅጹ በሰባቱ አይከፈትም። ሰባቱ ላይ ባለው አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ የጻፈችው ሁሉ እነሱ ጋ ሲደርስ ማንም የማያነበው ጭረት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ብቻ አራት ሰው ባዶ እጁን መልሳለች።

ታዲያ ምን አስጨነቃት? ጣቶቿ። ከሚላ ጽሕፈት የተማረችው በልጅነቷ በጽሕፈት መኪና ነው፤ አሮጌው መጻፊያም ፊደሉን በዚያው ቦታ ነው የሚያስቀምጠው። አስሩ ላይ አይሠራም። እዚያ አማርኛ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል እየተለቀመ ነው። እሷ ደግሞ ለቅማ አታውቅም። ባለጉዳዩ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ በኦሮምኛ ያወራል፤ እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች «ኤዬ፣ ኤዬ» ትላለች፤ ጣቶቿ ከታች በአማርኛ ይጽፋሉ። አንድም ቀን ጎንበስ ብላ አታይም። ለዚህ ነው በነገሌ ሰው ከሚላ ጋ ላስጽፍ የማይለው፤ ከሚላ ጋ ሄጄ ልናገር ነው የሚለው።

«እንዲህ እናድርግ» አለ ሳቢር። «ሰባቱን ሳልነካ አስሩን ጎኑ አስቀምጥልዎታለሁ። ዛሬን በሱ ይሥሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ከወደዱት ሰባቱን አጠፋዋለሁ። ሁለቱ አብረው ከከረሙ ማሽኗ ትንፋሽ ያጥራታል።»

ከመጨቃጨቅ እሺ ማለት ይቀላልና እሺ አለች።

ከሰዓት በኋላ ጃታኒ የሚባሉ ሽማግሌ ገቡ። ከሩቅ ገጠር በአይሱዙ ተጭነው ነው የመጡት።

«አካም፣ ኢንታላኮ?» ብለው እንደ ልጃቸው ሰላም አሏት።

«ናጋ፣ አባኮ። ይቀመጡ።»

ልጃቸው ቀጄላ ከስድስት ዓመት በፊት ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ እንደወጣ ወሬው የለም። የጠፋ ሰው የሚያፈላልግ ድርጅት አዲስ አበባ አለ ተብለው ነው የመጡት። ከሚላ ቅጹን በአስሩ ከፈተች፤ እውነትም ተከፈተ። ሽማግሌው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጀመሩ። እሷም የልጁን ስም ልትጽፍ አቀርቅራ ፊደል ፍለጋ ገባች።

«ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«የሄደ ዕለት ጠዋት እናቱን ተሰናብቶ ወጣ። ወጣና ደግሞ ከበር ተመልሶ መጣ። እኔ ከብት ልፈታ…»

ከሚላ ገና «ሞያሌ» የሚለው ላይ ነበረች። ተሳሳተባት፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች፣ እንደገና ተሳሳተባት። ቀና ስትል ሽማግሌው ወሬውን አቋርጠዋል። ጣቶቿን እያዩ ነበር፤ ያዘኑላት ይመስላሉ።

«ከበር ተመልሶስ?» አለች።

«ተይው፣ ረጅም ነው። አንቺም ደክመሻል። በሞያሌ ሄደ፣ አልተመለሰም በይ፤ ይበቃል።»

ከሚላ ተገላገልኩ አለች በሆዷ። ይኼን እሷ ለማንም አትናገረውም፣ እኔ ነኝ የምናገረው። የቀረውን ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ሞላች፣ ላከች፣ ቅጂውን አትማ ሰጠቻቸው። መርቀዋት ወጡ።

ለራሷ ያስቀረችውን ቅጂ ያነበበችው ሻይ ስትጠጣ ነው። ሁሉም ነገር ስድስት መስመር። ሰባተኛው ጥያቄ፣ «ሲለያችሁ የተናገረው ነገር አለ ወይ?» ይላል። ከሥሩ እሷ «የለም» ብላለች። መቼ እንደጻፈችው እንኳ ትዝ አላላትም።

ሻይዋን ትታ መናኸሪያ ወረደች። አይሱዙው ሞተሩን አስነስቷል፤ ጃታኒ ጋቢና ተቀምጠዋል። ወገቧን ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች።

«አባኮ፣ ይውረዱልኝ። በአሮጌው እጽፍልዎታለሁ፣ እንደ ድሮው። ከበር ተመልሶ ምን አለዎት?»

ሽማግሌው ከጋቢናው አልወረዱም።

«ስድስት ዓመት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለእናቱም» አሉ። «ዛሬ ላንቺ ልናገረው ቆርጬ ነበር የመጣሁት። አሁን ተመልሶ ገባ። መልሼ ላወጣው አልችልም።»

«ሲለያችሁ ምን አለ ይላል ቅጹ፤ እኔ የለም ብዬ ልኬዋለሁ እኮ።»

«ይሁን፣ ኢንታላኮ። አንቺ ምን ታደርጊ። ናጋቲ፣ ደህና ሁኚ።»

መኪናው ሄደ። ከሚላ አቀበቱን ሁለት ጊዜ አርፋ ወጣችው። ሳቢር ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት አገኘችው።

«እሺ፣ እንዴት ነው? ሰባቱን ላጥፋው?»

«እንዳትነካው። መጀመሪያ በሱ እየሰማሁ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ በአስሩ እገለብጠዋለሁ።»

«አንዱን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ? በዚህ ወገብ? ይደክምዎታል፣ አዴ ከሚላ።»

«ደክሞኛል» አለችው። «ተነሥ፣ ቦታዬን ልቀቅ።»

ሰባቱን ከፈተች። ጃታኒ ያሏትን ሁሉ ጻፈችው፤ ልጁ እናቱን መሰናበቱን፣ መውጣቱን፣ ከበር መመለሱን፣ አባትየው ከብት ሊፈቱ እንደነበር። ጣቶቿ አንድም ፊደል አልሳቱም። ልጁ ተመልሶ የተናገረው ጋ ሲደርሱ ግን የሚጽፉት አጡ።