ባለቤት የሌላቸው ሁለት ጎሎች

ለሦስተኛ ጊዜ ደመረው፤ ለሦስተኛ ጊዜም ስድስት መቶ አሥራ አንድ መጣ። ሰንጠረዡ ግን ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ይላል።

አቶ ሰንጠረዥ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አጠለቀው፤ ጥፋቱ የመነጽሩ ይመስል። ይህን ስም እናትና አባቱ አላወጡለትም። በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ የአሥራ ስድስቱን ቡድኖች ነጥብና ጎል እንደ ልጆቹ ዕድሜ በቃሉ ስለሚያውቅ የሬዲዮ ጋዜጠኞች ናቸው ያወጡለት። እሱም ላይ ላዩን ይቆጣል እንጂ ውስጥ ውስጡን ይወደዋል።

"አባባ፣ አሉ?" አለችው በስልኩ ውስጥ የማተሚያ ቤቱ ገጽ አቀናባሪ። ጉዱን በጠዋት ያመጣችበት እሷ ናት። የዓመቱን የውድድር መጽሐፍ ገጽ ስታስተካክል ምን እንደከነከናት እንጃ፣ የጎል አግቢዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ደምራው ቁጭ አለች።

"አለሁ ልጄ።"

"እና ሁለቱን ጎል ማን አገባቸው?"

"በራሱ መረብ ላይ ያገባ ይኖራል።"

"እነሱንም ደምሬያለሁ። ዘጠኝ ናቸው።"

"እንግዲያው... ቆይ እስኪ። መልሼ እደውላለሁ።"

"ዛሬውኑ ነው ታዲያ። ከሥራ መውጫ በፊት ካልነገሩኝ እንዳለ ነው የሚታተመው።"

ስልኩን ዘግቶ ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ። ጎል ባለቤት አያጣም። ሰው ብድሩን ይክዳል፣ ዘመዱን ይክዳል፤ ጎሉን የካደ አጥቂ ግን በሃያ ሁለት ዓመት አንድም አልገጠመው። እንዲያውም አንዷን ኳስ ሁለት ሰው "የኔ ናት" ብሎ ቢሮው ድረስ የተካሰሰበት ጊዜ አለ። ታዲያ እነዚህን ሁለቱን ምን በላቸው?

የሁለት መቶ አርባውን ጨዋታ የዳኛ ሪፖርት ከመደርደሪያው አውርዶ አንድ በአንድ ያገላብጥ ጀመር። የአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ፋይል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። አንድ ጨዋታ ሁለት ሪፖርት አለው።

የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ከወደቡ ቡድን ጋር የተጫወተው ነው። ቅዳሜ ዕለት ሲሚንቶ ሁለት ለዜሮ እየመራ፣ በስልሳ ሰባተኛው ደቂቃ ጭጋግ ሜዳውን ሸፈነውና ጨዋታው ተቋረጠ። የቀረውን ሃያ ሦስት ደቂቃ እሑድ ጠዋት ተመልካች በሌለበት ጨረሱት። ዳኛው ደንቡ እንደሚያዘው ለቅዳሜው አንድ፣ ለእሑዱ አንድ ሪፖርት ጻፈ። የቅዳሜው ሁለት ለዜሮ ይላል፣ የእሑዱ ሦስት ለዜሮ።

አቶ ሰንጠረዥ ለዳኛው ደወለ። ሰውየው በሥራ ቀን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከጀርባው የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

"ወንድሜ፣ ያ የጭጋጉ ጨዋታ ትዝ ይልሃል? የእሑዱ ሦስት ለዜሮ የሃያ ሦስቱ ደቂቃ ብቻ ነው ወይስ የጠቅላላው?"

"የጠቅላላው ነዋ። በሃያ ሦስት ደቂቃ ሦስት ጎል የሚያገባ ሲሚንቶ የት አየህ?"

"አላየሁም" አለ አቶ ሰንጠረዥ፤ ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

አሁን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየው። ቅዳሜ ማታ የሬዲዮው ጋዜጠኛ "እስካሁን ያለውን ስጠኝ" ብሎ ሲወተውተው ሁለቱን ጎል ሰንጠረዡ ላይ ደመረ። እሑድ ደግሞ ሦስቱን ደመረ። የውጤቶች ዝርዝር ላይ ሦስት ለዜሮ ብሎ በትክክል ስለጻፈ ማንም ነቅቶ አልጠየቀም። ሰንጠረዡንማ ማን ይመረምራል? ጋዜጣው ከሱ ይወስዳል፣ ሬዲዮው ከሱ ይወስዳል፣ ቡድኖቹም ከሬዲዮው ይሰማሉ።

ሁለት ጎል ለሌላ ቡድን ቢሆን ምንም አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ እኩል ሠላሳ አንድ ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ ሲሚንቶ በጎል ክፍያ፣ በአንዲት ጎል ብቻ ተሽሎ ሲቀር ጨርቃ ጨርቅ ወረደ። ሁለቱ ጎሎች ከተነሱ የሚተርፈው ጨርቃ ጨርቅ ነው። የጨርቃ ጨርቁ አሰልጣኝ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነው። ከሥራ ከተባረረ ወዲህ የሱው ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው።

ግራ ገባው፤ ደስ ይበለው ወይስ ይፈር እንኳ አላወቀም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ቅሬታ የሚቀርበው በሠላሳ ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውጤቱ ይጸናል። ቆጠረው። ሠላሳኛው ቀን ዛሬ ነው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ሥራ ላይ ናት። አሰልጣኙ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያውን እየነካካ ነበር።

"ጋሼ፣ በሥራ ሰዓት ምን እግር ጣለህ? ፌዴሬሽኑ ተዘጋ እንዴ?"

አቶ ሰንጠረዥ ቆሞ ቀረ። ወር ሙሉ ይህን ሰው እየመከረው ነው የከረመው። "ሰንጠረዥ አይዋሽም" እያለ፣ "ያቺን አንዲት ጎል ብታገቡ ኖሮ" እያለ።

"አልወረዳችሁም" አለው በመጨረሻ።

"ምን አልክ?"

"ባለቤት የሌላቸው ሁለት ጎሎች ለሲሚንቶ ተቆጥረዋል። ያገባኋቸው እኔ ነኝ።"

ፋይሉን ዘርግቶ አሳየው። አሰልጣኙ ሁለቱን ሪፖርቶች ደጋግሞ አነበበ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተናዶ ተነሳና ክፍሏን ሁለት ጊዜ ዞራት። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። አቶ ሰንጠረዥ እንዲጮህበት፣ እንዲሰድበው እየጠበቀ ነበር፤ ቢሰድበው ቀለል ይለው ነበር።

"ተወው፣ ጋሼ" አለ አሰልጣኙ።

"ምኑን ነው የምተወው?"

"ሁሉንም። ሰው ምን እንደሚል ጠፍቶህ ነው? የሚስቱን ወንድም በእስክሪብቶ አተረፈው ነው የሚሉት። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። በዚያ ላይ ግብ ጠባቂዬ ሌላ ቦታ ፈርሟል፣ ተከላካዮቼ ተበታትነዋል። አንተም ያለህ ስምህ ነው፤ እሱን አፍርሰህ ምን ልትሆን ነው?"

"እውነቱስ?"

"እውነቱን አሁን ሁለታችንም አወቅነው። አይበቃም?"

አቶ ሰንጠረዥ ሪፖርቶቹን መልሶ ፋይሉ ውስጥ አስገባ። የተበደለው ሰው ተወው ካለ፣ በዳዩ ምን ቤት ነው? ይብቃው ይሆን? ሃሳቡ ከወዲያ ወዲህ ሲያላጋው አሰልጣኙ ቴሌቪዥኑን ድንገት አጠፋው።

"ቆይ ግን" አለ። "ጭራሮስ?"

ጭራሮ የጨርቃ ጨርቁ አጥቂ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ነው እንዲህ የሚሉት። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ጎሉ ባዶውን ቆሞ ሳለ ኳሷን ወደ ላይ ሰደዳት። አሰልጣኙ መልበሻ ክፍል ውስጥ በሁሉም ፊት "የዚህን ሁሉ ሰው ቤት ዘጋህ" አለው። ጭራሮ ጫማውን የክለቡ በር ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ስልክ አያነሳም።

"ጭራሮ ሳተም አልሳተም ያን ቀን አልወረዳችሁም" አለ አቶ ሰንጠረዥ ቀስ ብሎ።

አሰልጣኙ አጎንብሶ ከሶፋው ሥር ጫማውን ይፈልግ ጀመር። አንዱን አገኘ፣ ሌላው ጠፋበት።

"ወዴት ነው?"

"እናቱ ቤት ነው ያለው አሉ። አንተ ያሻህን አድርግ፣ እኔ ግን ለሱ ሳልነግረው አላድርም። ወር ሙሉ ያን ሰው ስረግመው ነው የከረምኩት።" ሁለተኛውን ጫማ ከመጋረጃው ኋላ አገኘውና በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። "ከማን ሰማህ ቢለኝስ ምን ልበለው?"

አቶ ሰንጠረዥ ፋይሉን አነሳ። አንዴ አሰልጣኙን፣ አንዴ ሶፋው ላይ የተጨማደደውን አንሶላ አየ።

"ካገባቸው ሰው በለው።"

ቢሮ ሲመለስ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የቅሬታ ቅጹን ከራሱ መሳቢያ አወጣ፤ ስንቱ ቡድን ሲሞላው አይቷል፣ እሱ ግን አንድም ቀን ሞልቶት አያውቅም። "ቅሬታ አቅራቢ" የሚለው ላይ ሙሉ ስሙን ጻፈ። "ቅሬታ የቀረበበት" የሚለው ላይ ደርሶ ቆም አለ፤ እዚያም ሙሉ ስሙን ጻፈ። ለዋና ጸሐፊዋ ሰጣት።

አንብባ ስትጨርስ ከወረቀቱ በላይ አየችው።

"አንድ ሰው እዚህም እዚያም ይሆናል እንዴ?"

"አይሆንም የሚል ደንብ አላገኘሁም።"

"ይህን ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጡረታዎ እኮ አራት ዓመት ነው የቀረው።"

አቶ ሰንጠረዥ ቅጹን መልሶ ወሰደና ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጨመረበት፤ "የጨርቃ ጨርቅ አሰልጣኝ የነበረው የባለቤቴ ወንድም ነው።" መልሶ ሰጣት።

"ኮሚቴው ምን እንደሚወስን እንጃ" አለች ማኅተሙን እያነሳች።

"እኔም እንጃ" አላት። እውነቱን ነው።

ማኅተሙ ሲያርፍ ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር። ወደ ክፍሉ ሳይገባ ስልኩ ጮኸ።

"አባባ፣ ልዘጋው ነው። ስንት ልበል?"

"ስድስት መቶ አሥራ አንድ። የደረጃውን ገጽ ደግሞ ባዶ ተይው።"

"ዓመት ሙሉ ሲጫወቱ ከርመው ባዶ ገጽ?"

"ኮሚቴው እስኪወስን ነው። ስህተት ተገኝቶበታል።"

"እሺ" አለች ገጽ አቀናባሪዋ። "ከገጹ ሥር 'ሰንጠረዡን ያዘጋጀው' ተብሎ የእርስዎ ስም አለ። ገጹ ባዶ ከሆነ እሱንም ላጥፋው?"

አቶ ሰንጠረዥ መነጽሩን አወለቀ። በሃያ ሁለት መጻሕፍት ውስጥ፣ በዚያው ገጽ ሥር፣ በዚያው ቦታ የታተመ ስም ነው።

"እሱ ይቆይ፣ ልጄ" አላት።