ፔኒን ያረጋጋት

ሰብስቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ የነካው ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። አዲስ አበባ እያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ከአገር ወጥቶ ኮሎምበስ ከተማ ከመጣ በኋላ ሁለት ዓመት ሳህን አጠበ። ከዚያው አቅራቢያ ከፒከሪንግተን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በሚስስ ሄለር ጋጣ የተቀጠረውም ሌላ አመልካች ስላልነበረ ነው። ሥራው ግን ገባው። በአራት ዓመት ውስጥ ሰባቱን ፈረሶች በኮቴያቸው ድምፅ የሚለይ ሰው ሆነ። መጦሪያ ቤት የምትሠራው ሚስቱ ንግሥት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ ሥራው ሲጠይቋት «የኔ ባልደራስ» እያለች ትስቃለች። እሱ አይስቅም ነበር።

ከሰባቱ አስቸጋሪዋ ፔኒ የምትባል ዳማ ባዝራ ነበረች። በር ገጭ ሲል ትበረግጋለች። ቀኑን ሙሉ ጋጣዋ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ ስትወዛወዝ ትውላለች። ፈረስ የሚጫንበትን ትሬለር ካየች ላብ ያጠምቃታል። ሊይዛት የሚችለው ሰብስቤ ብቻ ነበር፤ አፍንጫዋ ላይ ሰንሰለት አሳልፎ፣ ክንዱ እስኪዝል ታግሎ ያቆማታል። ሚስስ ሄለር ለእንግዶቿ «ፔኒ ያለ ሰብስቤ አትሆንም» ትላለች። እሱም ይህን በሰማ ቁጥር ትከሻው ቀና ይል ነበር።

በ1997 ሰኔ ላይ ሞሚና መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ በዲቪ ገብታ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ቆይታ ሰልችቷት ነበር። አባቷ ናዝሬት ጋሪ ነጂ ነበሩ። ሚስስ ሄለር ለማለዳው ሥራ ቀጠረቻት።

በመጀመሪያው ቀን ሰብስቤ ጋጣዎቹን እያዞረ ሲያሳያት ፔኒ ዘንድ ሲደርሱ «ይቺን ለኔ ተያት» አላት።

«እሺ፣ ጋሼ ሰብስቤ» አለች ሞሚና። ዓይኗን ግን ከባዝራዋ ላይ አላነሳችም።

በዚያው ሰሞን ሚስስ ሄለር ለተጨነቀ ፈረስ የሚሰጥ የዕፅዋት ዱቄት በባልዲ ገዝታ መጣች። ካሞማይል የሚባል አበባና ቫለሪያን የሚባል ሥር ተፈጭተው የተቀላቀሉበት ነው፤ ሽታው ያልታጠበ ካልሲ ይመስላል። የእንስሳት ሐኪሙ «ብዙም ማስረጃ የለውም፤ በልኩ ከተሰጣት ግን አይጎዳትም» ብሎ ነበር። ፔኒ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ሞሚና ፉርሽካ በሞቀ ውሃ አርሳ፣ ትንሽ የፖም ጭማቂ ጠብ አድርጋ ዱቄቱን ለወሰችላት። ባዝራዋ ገንዳውን ላሰችው። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን የመስጠቱ ሥራ የሞሚና ሆነ።

ወር ሳይሞላ ፔኒ መወዛወዟን ተወች። ነሐሴ ላይ ሞሚና ያለ ሰንሰለት፣ ላላ ባለ ገመድ ብቻ ይዛት ትሬለር ውስጥ ገባች። ሚስስ ሄለር አጨበጨበች። ሰብስቤ አካፋውን ተደግፎ ቆሞ አየ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣ። የሞሚና አሮጌ ቶዮታ ገና በሩቁ ሲሰማ ፔኒ ታሽካካለች። ለእሱ አንድ ቀን አሽካክታ አታውቅም። ሞሚና ስትስቅ ይሰማል፤ ለባዝራዋ የምታወራውን አማርኛ ይሰማል፤ ለመስማት ብሎ መጥረጉን ያቆማል። ማታ እራት ላይ ለንግሥት «ዱቄቱ ነው እንጂ እሷማ ምን ታውቃለች» ይላታል።

«ታዲያ ዱቄቱ ከሆነ አንተ ምን አናደደህ?» አለችው ንግሥት።

ሳህኑን ይዞ ተነሣ።

መስከረም ላይ፣ ሞሚና በማትገባበት ቀን፣ ባልዲውን ገልብጦ ዱቄቱን ፍግ ውስጥ ቀበረው። በምትኩ የደረቀ ሣር ፈጭቶ ሞላበት። ባልዲው ሽታውን ይዞ ቀርቶ ነበር። ፔኒ በሁለት ሦስት ቀን ወደ ድሮዋ እንደምትመለስ፣ ሚስስ ሄለርም «ሰብስቤን ጥሩልኝ» እንደምትል እርግጠኛ ነበር።

«ሽታው ቀነሰ ልበል?» አለችው ሞሚና አንድ ጠዋት።

«ሲከርም ነው» አላት።

በሳምንቱ ኮቴ የሚከረክመውና ብረት የሚያለብሰው ሰው መጣ። ፔኒ ድሮ አንዱን ኮቴ ሠሪ ረግጣ ክንዱን ሰብራበታለች። ሞሚና ከባዝራዋ የፊት እግሮች ሥር ቁጢጥ ብላ ጉልበቷን እያሻሸች ታወራላት ጀመር። ሰብስቤ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። መዶሻው ሲመታ ፔኒ ጆሮዋን አዞረች፤ ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አፍንጫዋን የሞሚና ፀጉር ውስጥ ከተተች። አራቱም ኮቴ ተሠርቶ አለቀ።

ያኔ ነው የገባው። ሥራውን የሠራው ዱቄቱ አልነበረም። ይህን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሞሚና ራሷ እንኳ አታውቅም፤ ሰው ሲያመሰግናት «መድኃኒቱ ነው» ትላለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታደርገውን ልብ ብሎ ማየት ጀመረ። ከሌሎቹ ፈረሶች በፊት ፔኒን ታበላለች። ጋጣዋን ከሰባቱ ሽማግሌ ከሆነው ረጋ ያለ ፈረስ አጠገብ አድርጋላታለች። ወደ እሷ ስትሄድ አትቸኩልም። እሱ አራት ዓመት ሙሉ በሰንሰለት ነበር ያቆማት። ብትረጋጋ ኖሮ ማን «ያለ ሰብስቤ አትሆንም» ይል ነበር? ይህን ሲያስብ ፊቱ ጋለ፤ ቅናቱ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ባሰበት።

ኅዳር ላይ ሚስስ ሄለር ቢሮዋ ጠራችው። «ለብርዱ ወራት ሁለት ሰው መያዝ አልችልም። ዱቄቱ እስካለ ድረስ ለፔኒ አንተው ትበቃታለህ። ሞሚና እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደምትሠራ ነግሬያታለሁ» አለችው።

የተመኘውን አገኘ።

በመጨረሻው ዓርብ ሞሚና ወረቀት ይዛ መጣች። በእጇ ጽፋዋለች፦ ፉርሽካው ስንት፣ ውሃው ምን ያህል ይሙቅ፣ ዱቄቱ ሁለት ማንኪያ። «አደራ ጋሼ፣ ዱቄቱን እንዳትረሳባት። እሱ ከሌለ ትሠቃያለች» አለችው። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። «ሞሚና፣ ዱቄቱ የለም» አላት።

«አለቀ?»

«እኔ ደፋሁት። የምትሰጫት የተፈጨ ሣር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

ሞሚና ወደ ኋላ ቆጠረች። «ኮቴዋ የተሠራ ዕለትም?»

«አዎ።»

«እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ብትረግጠኝስ?»

ሞሚና ፊቱን አየችው፤ ያየችው ግን በንዴት አልነበረም፣ ጨርሶ እንደማታውቀው ሰው እንጂ። «ለሚስስ ሄለር አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?» አለችው።

ሄዶ ነገራት። ሚስስ ሄለር ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ለረጅም ጊዜም መልሳ አላደረገችውም። አላባረረችውም። ሞሚና የማለዳውን ሥራ ይዛ እንድትቆይ፣ ፔኒም ሙሉ በሙሉ የእሷ ኃላፊነት እንድትሆን ወሰነች። ሰብስቤ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲገባ ተደረገ። ለጠዋቱ፣ ንግሥት ከምትሠራበት መጦሪያ ሽማግሌዎችን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን መንዳት ጀመረ።

ሞሚና እስከ ገና አላናገረችውም። ጥር ላይ፣ ሺፍት ሲቀያየሩ፣ ሰብስቤ መኪናዋ አጠገብ ጠበቃት።

«እንዴት ነው የምታደርጊው?» አላት። ይህን ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈጅቶበታል።

ሞሚና መልስ ከመስጠቷ በፊት ጓንቷን አጠለቀች። «ምንም አላደርግም። አንተ ስትገባ ልትይዛት ነው የምትገባው። እሷም ታውቃለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሳትይዛት ግባና ቁም።»

በዚያ ከሰዓት ባዶ እጁን ፔኒ ጋጣ ውስጥ ገባ። ባዝራዋ ጥግ ይዛ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጠፈች፣ ጀርባዋንም ሰጠችው። የሞሚና መኪና ገና ሳይርቅ ፔኒ ስታሽካካላት ሰምቷል፤ አሁንም ይቆጠቁጠዋል። እጆቹን ኪሱ ከተተ። ባዝራዋ ፊቷን አላዞረችም፤ እሱም አልወጣም።