አፍንጫ ማለት ሲ ነው

አክሱማዊት ሰነፍ አትጠላም ነበር፤ ሰነፍ ቢያንስ ያርፋል። የምትንቀው ላለማጥናት ሲል ከማጥናት የበለጠ የሚለፋውን ነበር።

የአክስቷ ልጅ ሽሻይ እንዲህ ያለው ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹን ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሰብስቦ ለእናቱ «ኬሚስትሪ ልንከልስ ነው» አላቸው። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። ደብተር የያዘው ወንድሜነህ ብቻ ነው። አባቱ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ ከደብረ ማርቆስ ሲመጡ አብሯቸው የመጣ ልጅ ስለሆነ ትግርኛው ገና ነው፤ ሁሉም ለእሱ ሲሉ በአማርኛ ያወራሉ።

ከሞዴል ፈተናው ግማሽ ያላመጣ ለማትሪክ እንደማይመዘገብ ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ ተናግረዋል። ሽሻይ ለዚህ መላ አበጅቷል፤ መላው አክሱማዊት ናት። ፈተናው ላይ ከፊት ትቀመጣለች፣ እነሱ ከኋላዋ ሆነው ያዩአታል።

«ግንባር ኤ፣ ጆሮ ቢ፣ አፍንጫ ሲ፣ አገጭ ዲ» አለ ሽሻይ። «እስክሪብቶዋን ጋደም ስታደርግ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፋለች ማለት ነው። እንደገና።»

እንደ ዳዊት ደገሙት። ጆሮው የቀኙ ይሁን የግራው በሚለው ላይ ተጨቃጨቁ፤ ከኋላዋ በአንዱ ወገን የተቀመጠ የሌላውን ወገን ጆሮ በደንብ አያይም የሚል ተቃውሞ ተነሣ፣ ቦታ እየተቀያየሩ ሞከሩት፣ ለኩት። አክሱማዊት ታያቸው ነበር። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአኖድና ለካቶድ ቢሰጡ ኖሮ ሁሉም ያልፉ ነበር። ግን አኖድ አፍንጫ የለውም።

እምቢ እንዳትል ጠዋት ያስጠጓት አክስቷ፣ የሽሻይ እናት ኣሞይ ዘቢብ፣ ወጥ ቤት ጠርተው አነጋግረዋታል። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«በጃኺ፣ እባክሽ፣ አክሱም፣ ሽሻይ ወንድምሽ ነው፤ እርጂው። እሱ ወድቆ አንቺ ብታልፊ ሰው ምን ይለኛል? እሱ ከወደቀ አንቺም ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ።»

አባቷ ባሉበት ገጠር ከጦርነቱ ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። የነበረው ጣሪያው ተነሥቶ ከብት ያድርበታል። ሁለት ዓመት ያለ ትምህርት የተቀመጠችው እዚያ ነው፤ ሳትመዘገብ ከተመለሰች ማትሪክ ብሎ ነገር የለም። ምልክት ስትሰጥ ብትያዝም ፈተናዋ ይሰረዛል፤ ያው ነው።

«እንሞክረው» አለ ሽሻይ። «አንድ ጥያቄ ጠይቂን።»

«አሲድ የሆነው የቱ ነው?» አለች። «ኤ፣ ሎሚ። ቢ፣ ሳሙና። ሲ፣ አመድ። ዲ፣ ስኳር።» ከዚያ አፍንጫዋን ነካች።

ሁሉም ጻፉ። ዞራ አየች፤ ሁሉም ሲ ብለዋል።

«አመድ አሲድ ነው?»

«አፍንጫሽን ነክተሻል እኮ» አለ ሽሻይ።

«ሎሚ ቀምሰህ አታውቅም?»

«ምን አገባኝ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ? ማሰቡ ያንቺ ሥራ ነው።»

የሣቀ አልነበረም፤ ለእነሱ ትክክለኛ መልስ ነበር። ወንድሜነህ ብቻ ወረቀቱን ጥቂት አየና ከሌሎቹ አንሶ ላለመታየት ሳይሰርዘው ተወው። አክሱማዊት ምን እንደምታደርግ የወሰነችው ያኔ ነው።

የፈተናው ቀን ከፊት ተቀመጠች። ፈታኟ መምህርት ኣምለሰት ወረቀት አድለው ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሙ። አክሱማዊት የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች፣ መልሱን አጠቆረች፣ እስክሪብቶዋን ጋደም አድርጋ አፍንጫዋን ነካች። ከኋላዋ እስክሪብቶዎች ተንቀሳቀሱ። ሁለተኛውን ሠራች፤ አፍንጫዋን ነካች። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። አንዳንዴ መልሱ በእርግጥ ሲ ይሆን ነበር፤ ለእውነት ብላም ልማዷን አልተወችም።

ሰው ነውና አንዱ ይጠረጥራል ብላ እስከ ገጹ መጨረሻ ጠበቀች። የጠረጠረ የለም። እስክሪብቶዎቹ እንደ ታዛዥ በጎች ተከተሏት።

«ምን ሆነሻል?» አሉ መምህርት ኣምለሰት ጠጋ ብለው።

«ጉንፋን ነው፣ መምህርት።»

ፈታኟ እጇን አዩ፣ ወረቀቷን አዩ። አፍንጫዋ አንድ ነው፣ መልሶቿ ልዩ ልዩ ናቸው። ምንም የሚያዝ ነገር አጥተው ሄዱ።

ሲወጡ ሽሻይ ሮማናት አደባባይ ላይ ሁሉንም ጁስ ጋበዘ። «ሓፍተይ አንበሳ ናት» እያለ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ወንድሜነህ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሁሉም ሲ ነበር?» አላት በዝግታ።

«አፍንጫዬን በላኝ።»

«አራቱን ለወጥኳቸው። የአሲዱን ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አንብቤው ነበር። አመድ ቤዝ ነው።»

አየችው። የምስጋና ቃል የሚጠብቅ ፊት ነበረው።

«ጥያቄው አርባ ነበር» አለችውና ጁሷን ጨረሰች።

ማታ ኣሞይ ዘቢብ ጥሩውን ሥጋ ከሽሻይ ፊት አንሥተው በእሷ በኩል አደረጉት። «ብዪ፣ ልጄ። ደክመሻል።» ሽሻይ እናቱ ፊት ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አገጩን እየነካ ይቀልድ ነበር፤ አፍንጫውን ረሳው።

አክሱማዊት አልቀለደችም። ልብሷን ከትናንት ወዲያ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታለች። ዓርብ ውጤት ይለጠፋል፤ ያለፉትም በዚያው ዕለት ይመዘገባሉ። አንዴ ስሟ ከተመዘገበ በኋላ ወደ አባቷ ቢሰዷትም መጽሐፏን ይዛ ትሄዳለች፣ ለማትሪኩ ቀን ትመለሳለች። ጣሪያ የሌለው ክፍል ለሚያነብ ሰው ብርሃኑ ጥሩ ነው።

ሥጋውን በላች። ጨው በዝቶበታል፤ ግን አልተናገረችም፤ ማን ይገባዋል ብላ።